ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ዊልቸር የሚጭን ታክሲ እንዴት ነው የምታገኙት?

የማታ ፈረቃ

ሰላም ለሁላችሁ። ቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ዊልቸር ተጠቃሚ ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ የጥሪ ማዕከል ውስጥ እሠራለሁ። ከዚህ ወር ጀምሮ የማታ ፈረቃ ደርሶኛል፤ የምንወጣው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነው። ቤቴ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ምድር ላይ። ከሰዓት ስመጣ ወንድሜ ያደርሰኛል። ማታ ግን እሱም ሥራ ላይ ነው።

የመሥሪያ ቤታችን ሰርቪስ ሃይሩፍ ሚኒባስ ነው። ደረጃው ለእኔ ከፍ ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ጓደኞቼ ተሸክመው ያስገቡኝ ነበር፤ አንድ ቀን አንዱ እግሩ አዳልጦት ሁለታችንም ለትንሽ ተረፍን። ከዚያ በኋላ ይቅርብኝ አልኩ። በዚያ ሰዓት ባቡሩም የለም። ቀን ቀን የኮሪደሩ ሰፊ የእግረኛ መንገድ በተሠራበት አካባቢ ብቻዬን እየገፋሁ ብዙ ርቀት እሄዳለሁ፤ ከሃያ ሁለት ጀሞ ግን በእጅ ተገፍቶ የሚደረስበት አይደለም። ስለዚህ የቀረኝ ታክሲ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ የሆነውን ልንገራችሁ። ስወጣ ካፊያ ነበር። በአፕ ጠራሁ። የመጀመሪያው ሹፌር ደወለ። የት እንዳለሁ ነገርኩት፤ «ዊልቸር አለኝ፣ ይታጠፋል» ስለው ዝም አለ። ከዚያ «እሺ መጣሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋና ደቂቃ ሳይሞላ ካንስል አደረገው። ለሁለተኛው ስለ ዊልቸሩ ሳልነግረው ቀረሁ። መጣ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አየኝና «ወንድሜ፣ እኔ ወገቤን ያመኛል» ብሎኝ ሄደ። ተሸከመኝ እኮ አላልኩትም፤ የምገባው ራሴ ነኝ። ይህን ለማለት እንኳን ጊዜ አልሰጠኝም።

ሦስተኛው ወሰደኝ። ጥሩ ልጅ ነው። ዊልቸሩን ራሱ አጣጥፎ ጫነው። ጀሞ ስንደርስ ግን ሂሳብ አልቀበልም አለ። «ለነፍሴ ነው፣ ጸልይልኝ» አለኝ። ብለምነው፣ ብለምነው እምቢ አለ። ስልክ ቁጥሩ አለኝ፤ ግን በማግስቱ መደወል አቃተኝ። በነጻ ያደረሰኝን ሰው ምን ብዬ ነው በየማታው ና የምለው?

እኔ የምፈልገው ከፍዬ መሄድ ነው። ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። ሹፌሩ ሲደውል ዊልቸር እንዳለኝ ልንገረው ወይስ ሲደርስ ራሱ ይየው? ደግሞስ በየማታው በአንድ ሰዓት የሚመጣ ሰው እንዴት ይገኛል? የተሳካለት ካለ ያካፍለኝ።

---

ቪትዝ ነጂው

ወንድሜ፣ ስድስት ዓመት በጥሪ ታክሲ ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ማታ። ጥሎህ የሄደውን ሰውዬ አልከላከልም። የሹፌሩን ልብ ግን ልንገርህ፤ ይጠቅምሃል።

ማታ ላይ ሹፌር የሚፈራው ዊልቸሩን ሳይሆን ከመኪና መውረዱን ነው። ሌሊት «ውረድና ዕቃ አግዘኝ» ተብሎ ወርዶ የተዘረፈ፣ ከዚያም የባሰ የደረሰበት ጓደኛ የሌለው ሹፌር አታገኝም። እኔም አንድ ቀን በዚሁ ዓይነት ስልኬንና የቀን ገቢዬን አስረክቤአለሁ። አንተ «ዊልቸር» ስትል እሱ ጨለማ ውስጥ የኋላውን የዕቃ ኮፈን ከፍቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ መቆሙ ነው የሚታየው። ሌላው ደግሞ አያያዝ አለማወቅ ነው። ሰውዬውን ብጥለውስ፣ ብሰብረውስ ይላል። መኪናው የሌላ ሰው ነው፤ ለባለቤቱ በየቀኑ የሚያስገባው ገንዘብ አለበት፤ ጣጣ ውስጥ መግባት አይፈልግም።

ስለዚህ ንገረው፤ አነጋገሩን ግን ቀይረው። «ዊልቸር አለኝ» ብለህ ካቆምክ የቀረውን ፍርሃቱ ይጨርስለታል። እንዲህ በለው፦ «የምገባው ራሴ ነኝ፤ ዊልቸሩ ይታጠፋል፤ የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ አብሮኝ ቆሟል፤ አንተ ኮፈን ክፈትልኝ፣ ሦስት ደቂቃ ነው።» ጥበቃውን እውነትም አብሮህ አቁመው። መብራት ያለበት ቦታ ጠብቅ። በራፉ ጨለማ ከሆነ አጠገቡ ማደያ ካለ ወደዚያ ጠጋ በል።

ስለ መኪናው ደግሞ። ቪትዝ ኮፈኑ ጠባብ ነው፤ ዊልቸር ታጥፎም በቀጥታ አይገባም። የኋላ ወንበሩን አንዱን ጎን ወደፊት ሲያስተኙት ግን ቁጭ ይላል። ብዙ ሹፌር ወንበሩ እንደሚተኛ አይቶ አያውቅም ብልህ ታምነኛለህ? ጎማው የሚወልቅ ዓይነት ከሆነማ ሥራው ቀላል ነው። ዲዛየር፣ ኮሮላ፣ ፕላትስ የተሻለ ኮፈን አላቸው። ነገር ግን ኮፈኑ ውስጥ የስፒከር ሳጥን ያስገጠመ ሞልቷል፤ መኪናው ትልቅ ሆኖ ቦታ አይኖረውም። ሲደውልልህ «ኮፈኑ ባዶ ነው?» ብለህ ጠይቀው። ራይድን በ8294 ደውለህ ከጠራህ ደግሞ የምታወራው ከሰው ጋር ስለሆነ ይህን ገና ሲመዘግቡህ መናገር ትችላለህ።

አሁን ዋናው ጉዳይ። አንተ ጀሞ ነህ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ጀሞ ድረስ የሄደ ሹፌር ባዶውን ነው የሚመለሰው። ይህ ከዊልቸሩ በላይ ያስጠላዋል። ስለዚህ ሃያ ሁለት የቆመ ሹፌር አትፈልግ፤ ማታ ቤቱ ጀሞ የሚገባውን ፈልግ። ለእሱ የመጨረሻ ጉዞው አንተ ነህ፤ ነዳጁን እየከፈልክለት ቤቱ ታስገባዋለህ። የት ይገኛል ካልክ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ማታ የሚያድሩትን ቪትዞችና ዲዛየሮች የግቢውን ጥበቃ ጠይቀው፤ የማን እንደሆኑ፣ ስንት ሰዓት እንደሚገቡ አንድ በአንድ ያውቃል። አንዱ ሲታመም ሌላው እንዲኖር ሦስት ሰው ያዝ። ሂሳቡን በሳምንት ተነጋገርና በቴሌብር ላክለት። ቋሚ ደንበኛ እንቢ የሚል ሹፌር የለም።

---

ጠይም አበባ

እኔም ዊልቸር ተጠቃሚ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ቪትዝ ነጂው የጻፈው ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። ቀን ቀን አልናገርም። ሻንጣ የያዘ ሰው ቀድሞ ደውሎ «ሻንጣ አለኝ፣ ትጭነኛለህ?» ይላል እንዴ? እግሬ ነው፤ ለምን አስፈቅዳለሁ? ቀን ላይ አንዱ ቢሄድ ሌላው ይመጣል። ማታ ግን እናገራለሁ። መብቴን ስለረሳሁ አይደለም። አንዱ ጥሎኝ ሲሄድ መንገድ ላይ ብቻዬን የምቀረው እኔ ስለሆንኩ ነው። ሴት ስትሆኚ ደግሞ ያ አሥር ደቂቃ ሌላ ነገር ነው። ታርጋውን ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ሳልልክ አልገባም፤ ሹፌሩም ስልክ ይሰማል፦ «አዎ፣ ገባሁ፣ ታርጋውን ልኬልሻለሁ።» ምንም ቅር የተሰኘ አላጋጠመኝም።

አገባቡን ልንገርህ፣ ምናልባት ታውቀው ይሆናል። ሁልጊዜ ጋቢና ነኝ። ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደኋላ አስገፋዋለሁ። ዊልቸሬን ወደ መኪናው ወንበር ትንሽ ሰያፍ አስጠግቼ ሁለቱንም ፍሬን እይዛለሁ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ፌስታል አነጥፋለሁ። አዎ፣ ተራ የሱቅ ፌስታል። የቪትዝ ወንበር ጨርቅ ልብስ ይይዛል፤ ፌስታሉ ላይ ግን ቂጥ ሸርተት ይላል፤ ግማሽ ጉልበት ይቀንስልሃል። ከተቀመጥክ በኋላ ሳብ አድርገህ አውጣው፤ አለዚያ ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ አንተም አብረህ ትንሸራተታለህ።

የዊልቸርህን መቀመጫ ትራስ ኮፈን ውስጥ አታስገባ። ጭንህ ላይ ይዘኸው ሂድ። እኔ አንድ ሌሊት ትራሴ መኪና ውስጥ ቀርቶ ሹፌሩ ስልክ አላነሳም፤ አራት ቀን ያለ ትራስ ተቀምጬ ያወጣሁት ቁስል ለመዳን ሦስት ወር ፈጀ። ስሜት የሌለው ቆዳ ላይ ቁስል ቀልድ አይደለም።

ሊረዳህ የሚመጣውን ደግሞ ገና ከመንካቱ በፊት አነጋግረው። ሰው ደግ ነው፤ ደግነቱ ግን ክንድህን ይዞ መጎተት ነው። «እጄን አትያዝ፣ ዊልቸሩን ብቻ እንዳይንቀሳቀስ ያዝልኝ» በለው። አንድ ሥራ ስትሰጠው ይረጋጋል።

ገንዘብ አልቀበልም ያለህን ልጅ ደግሞ ደውልለት። አንድ ጊዜ አንዱን እንዲህ አልኩት፦ «ወንድሜ፣ የዛሬውን ተቀብዬሃለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከነገ ጀምሮ ግን ካልከፈልኩህ አልደውልልህም፣ እኔም መንገድ ላይ ነው የማድረው።» ገባው። ይኸው ሁለት ዓመት ደንበኛዬ ነው።

---

የአባቷ ልጅ

ይቅርታ፣ ትንሽ ለየት ያለ ነው የእኔ። አባቴ ስትሮክ መትቶት በግራ ጎኑ አይታዘዝም። ራሱ መግባት አይችልም፤ ስለዚህ «ራሴ ነኝ የምገባው» የሚለው ለእኛ አይሠራም። ይህን ውይይት የሚያነብ እንደ እኔ አስታማሚ ስለሚኖር ነው የምጽፈው።

አንድ ሌሊት ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ከሆስፒታል «መሄድ ትችላላችሁ» ተባልን። አልጋ ለሌላ ሰው ተፈልጓል። በር ላይ አንድ ሰዓት ቆምን። መጨረሻ ላይ አንድ የላዳ ሹፌር፣ ትልቅ ሰውዬ፣ ከመኪናው ወርዶ የለበሰውን ጋቢ አወለቀ። አራት አጥፎ በአባቴ ወገብ ዙሪያ አዞረውና አንዱን ጫፍ ለእኔ አስይዞ ሌላውን ራሱ ያዘ። «አንድ፣ ሁለት» አለ። አባቴ ብድግ ብሎ ዞሮ ተቀመጠ። በብብቱ ይዘን ስናነሳው ሁልጊዜ የሚጮህ ሰው ያን ቀን ትንፍሽ አላለም። የታመመ ትከሻ እኮ በብብት ሲያነሱት ሊወልቅ ይችላል፤ ይህን በኋላ ፊዚዮቴራፒስቷም ነገረችን። ከዚያ ወዲህ ጋቢው ከቦርሳዬ አይወጣም።

አሁን የምናደርገው ከሰፈራችን አንድ ሚኒባስ ያለው ሰው ጋር ተነጋግረን ነው፤ የእድራችን አባል ነው። የቀጠሮ ቀን ሲኖረን ከሁለት ቀን በፊት እነግረዋለሁ። ድንገተኛ ሕመም ከሆነ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ አለ፤ ግን ያ ለድንገተኛ ነው፣ ለታክሲ ብለን መጥራት የለብንም፤ የባሰበት ይጠብቃል። ተኝቶ ብቻ መሄድ የሚችል ሰው ካላችሁ እንደ ጠብታ ያሉ የግል አምቡላንሶች አሉ። ዋጋውን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

---

የማታ ፈረቃ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጋቢው ነገር ልቤን ነካኝ። ጠይም አበባ፣ የፌስታሉን ዘዴ አላውቀውም ነበር፤ ዛሬ ቢሮ ወንበር ላይ ሞከርኩት፣ ይሠራል።

ቪትዝ ነጂው፣ ቤቱ ጀሞ የሚገባ ሰው ፈልግ ያልከው እንዴት እስካሁን እንዳልመጣልኝ ይገርመኛል። ነገ ጠዋት ጥበቃውን አናግረዋለሁ።

---

ዲሲ ያለው

ከዋሽንግተን ዲሲ ነው የምጽፈው፤ ታክሲ ስነዳ ብዙ ዘመን ሆነኝ። እዚህ ታክሲ የሚነዳ ሐበሻ ብዙ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ላለፉት ጥቂት ዓመታት የምነዳው መወጣጫ ያለውን ቫን ነው፤ ሰውዬው ከነዊልቸሩ ነው የሚገባው። ወለሉ ዝቅ ብሎ የተሠራ ነው። መወጣጫውን ዘርግቼ እገፋዋለሁ። ከዚያ አራት ቀበቶ አለ፤ ሁለቱ ከፊት ሁለቱ ከኋላ የዊልቸሩን ብረት ወለሉ ላይ ቀጥ አድርገው ይይዙታል፤ ለሰውየው ደግሞ ለብቻው ቀበቶ አለ። መጀመሪያ ሰሞን አሥር ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር፤ አሁን ሦስት አይሞላም። ቀበቶውን ጎማው ላይ አስሮ የሚሄድ ሹፌር አይቻለሁ፤ ጎማ ይሽከረከራል፣ አይያዝም። ወደፊት አገር ቤት እንዲህ ዓይነት መኪና ለማስገባት የምታስቡ ካላችሁ ይህን አትርሱ።

ይህ ሁሉ በደግነት የመጣ አይመስላችሁ። እዚህ አገር በ1990 (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጆች ናቸው) በወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ መሠረት ታክሲ ሹፌር የሚታጠፍ ዊልቸር ያለውን ሰው አልጭንም ማለት አይችልም፤ ዊልቸሩን ለመጫንም ተጨማሪ ማስከፈል ክልክል ነው። ዲሲ ደግሞ በ2012 ባወጣችው ሕግ 20ና ከዚያ በላይ ታክሲ ያለው ድርጅት መወጣጫ ያላቸውን መኪኖች በየደረጃው እንዲያስገባ አዘዘች፤ በ2014 መጨረሻ 6 ከመቶ፣ በ2016 መጨረሻ 12፣ በ2018 መጨረሻ 20 ከመቶ። ለንደን ያለው ጥቁሩ ታክሲማ ከ2000 ጀምሮ ሁሉም ዊልቸር እንዲያስገባ ግዴታ ነው።

ሆኖም እዚህም አልጋ በአልጋ አይደለም። ሌሊት ላይ እንዲህ ዓይነት ቫን የሚነዳ ጥቂት ነው። የከተማው የአካል ጉዳተኞች ልዩ መጓጓዣ ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት መያዝ አለበት፤ ሰው ሌሊት በድንገት ሲፈልግ አይሆንም። እኔን ሌሊት የሚደውሉልኝ ሰዎች ሁሉም ቁጥሬን በእጃቸው የያዙ ናቸው። ስለዚህ ወንድሞቼ የነገሩህ መንገድ እዚህም የምንኖርበት ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ አገር ቤት ሕግ የለም?

---

ቃል በቃል

ጋሼ፣ አለ። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ አንቀጽ 9 ትራንስፖርትን በስም ይጠራል። የሕንጻ አዋጅም አለ። ለጠያቂያችን የሚቀርበው ግን የሥራ ስምሪት መብቱ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 568/2000። አሠሪው ለአካል ጉዳተኛው ሠራተኛ ምቹ የሥራ ሁኔታ እንዲፈጥር ያስገድዳል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ መሥሪያ ቤትህ ለሌላው ሠራተኛ ሰርቪስ አቅርቧል። አንተ አትገባበትም። ሌሎቹ በነጻ ቤታቸው ሲገቡ አንተ በየማታው ከደሞዝህ የምትከፍልበት ምክንያት የለም። «የሰርቪስ ምትክ የታክሲ ወጪ ይሸፈንልኝ» ብለህ በጽሑፍ አስገባ፤ በቃል አይሁን። ቀን ጻፍበት፣ ቅጂው ላይ የተቀበለው ሰው ይፈርምልህ። የአዋጁን ቁጥር ጥቀስ። ያ የተሸከሙህ ቀን የሆነውንም ጻፈው፤ ጓደኛህም ሊጎዳ ይችል ነበርና ለእነሱም የደኅንነት ጉዳይ ነው።

---

ጠይም አበባ

ቃል በቃል ያለው ትክክል ነው። እኔ በቃል ሁለት ጊዜ ጠይቄ «እናያለን» ተባልኩ። በደብዳቤ ሳስገባ በሳምንቱ ጠሩኝ። ሙሉውን ባይሆንም ግማሹን ይሸፍኑልኛል። ከጓደኞችህ ሁለት ሦስቱ አብረውህ ቢፈርሙ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ይወዱሃል መሰለኝ፣ ካልወደዱህ አይሸከሙህም ነበር።

---

የማታ ፈረቃ

የሆነውን ልንገራችሁ፤ አምስት ቀን ሆነ።

የግቢያችን ጥበቃ ጥያቄዬን ሳልጨርስ «የብሎክ 14ቱ ልጅ አለልህ» አለኝ። ነጭ ዲዛየር ነው፤ ሁልጊዜ ከመስኮቴ ፊት ለፊት ነበር የሚያድረው፤ ለአንድ ዓመት መብራቱ ዓይኔ ላይ ሲያበራ «ይሄ ሰውዬ ስንት ሰዓት ነው የሚገባው» ስል ነበር። ከምሽቱ 5 ተኩል ላይ ነው የሚገባው። እሁድ ወጥቼ አናገርኩት። ኮፈኑን ከፈተልኝ፣ ዊልቸሩን አጥፈን ሞከርነው። ተጠባባቂ ጎማውን ወደ ጎን ስናስጠጋው ገባ፣ ኮፈኑም ተዘጋ። እኔም ጋቢና ገብቼ ወጥቼ አሳየሁት። በሳምንት ተስማማን። ቅዳሜ ቅዳሜ በቴሌብር እልክለታለሁ።

ሰኞ ማታ 5 ሰዓት ከአምስት ላይ መጣ። ዝናብ ነበር። ጥበቃው ዣንጥላ ያዘልኝ፣ ፌስታሉን አነጠፍኩ፣ ገባሁ። ቪትዝ ነጂው፣ ሦስት ደቂቃ አላልክም? አራት ሆነ፤ ቀበቶዬ ዊልቸሩ ላይ ተጠምዶብኝ ነው።

በነጻ ያደረሰኝን ልጅም ደወልኩለት፤ ጠይም አበባ እንዳለችው ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ «እሺ፣ እንዳልክ» አለ። የዲዛየሩ ልጅ የማይመጣ ቀን እሱ ነው። ሦስተኛ ሰው አልያዝኩም ገና፤ ጀሞ፣ ለቡ ወይም ሃና ማርያም የሚያድር ሹፌር የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ደብዳቤውን ትናንት አስገብቻለሁ። ስድስት ሰው ፈርሞልኛል፤ ያን ቀን ያዳለጠው ጓደኛዬ የመጀመሪያው ነው። መልሱ ሲመጣ እዚሁ እጽፋለሁ።